ከአንኮበር እስከ ምጽዋ፤ የእግረኛው ክራፕፍ የሕይወት ጉዞ

በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ፣ በደቡብ ደግሞ በወንጪትና በጀማ ወንዞች ሸለቆዎች የተከበበው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለብዙ ዘመናት በእግርና በበቅሎ ብቻ ሲታለፍ የኖረ አካባቢ ነው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ ከሸዋ ወደ በጌምድርም ሆነ ከጎጃም ወደ ወሎ የሚሻገሩ ነጋዴዎች፣ የቆሎ ተማሪዎችና መልእክተኞች ርቀትን የሚለኩት በቀን ጉዞ ነበር። አንድ ገደል ወርዶ ማዶውን ለመውጣት ብቻ ሙሉ ቀን የሚፈጅበት ጊዜም ጥቂት አልነበረም።

በዚህ ደጋ ካለፉትና ያዩትን በጽሑፍ ካስቀሩት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አንዱ ነው። ክራፕፍ በአብዛኛው የሚታወቀው በሚሲዮናዊነቱ፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች ጥናቱና የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ በማሳወቁ ነው። ይሁንና በኢትዮጵያ ያሳለፋቸው ዓመታት፣ በተለይም በ1842 ከሸዋ ተነስቶ በወሎ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያደረገው ጉዞ የኋላ ሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክራፕፍ የተወለደው ጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ ግዛት፣ በቱቢንገን ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ደረንዲንገን በምትባል መንደር ነው። ቤተሰቦቹ በእርሻ የሚተዳደሩ ነበሩ። በልጅነቱ ባልሠራው ጥፋት በአንድ ጎረቤት ክፉኛ ተደብድቦ ለወራት አልጋ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በዚያ የሕመም ጊዜ የንባብ ፍቅር እንዳደረበት ይነገራል። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም የዓለም ካርታ መመልከት ያዘወትር ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ካርታ ላይ በአዳልና በሶማሌ ምድር የተጻፉት የቦታ ስሞች እጅግ ጥቂት መሆናቸው ያስገርመው እንደነበር ራሱ በኋላ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ ገልጿል። ስለ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ሰፊ ዕውቀት ያገኘውም ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጻፈው የጉዞ ታሪክ ነው።

በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሚገኘው የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛና በቱቢንገን የነገረ መለኮት ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ለንደን በሆነው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ሥር ተቀጠረ። በ1837 መጨረሻ ላይ ትግራይ ገብቶ በአድዋ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀላቀለ። የቆየው ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ውቤ በ1838 ሚሲዮናውያኑን ከግዛታቸው ስላስወጧቸው ወደ ባሕር ዳርቻ ለመመለስ ተገደደ።

ክራፕፍ በዚህ ተስፋ ሳይቆርጥ ሌላ በር መፈለግ ጀመረ። በ1839 ካርል ኢዘንበርግ ከተባለው ባልደረባው ጋር ከታጁራ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ ወደ ሸዋ ዘለቀ። ይህ መንገድ ከባሕር ወለል በታች ያለውን የአሳል ጨው ሐይቅ አካባቢ አልፎ፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አንኮበር ደጋ የሚወጣ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዶቹን በመልካም ሁኔታ የተቀበሏቸው ሲሆን፣ ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ ክራፕፍ ለሦስት ዓመታት ያህል በሸዋ ቆየ።

በእነዚህ ዓመታት ክራፕፍ አማርኛውን አጠናከረ፣ የኦሮምኛ ቋንቋንም አጠና። በ1840 ያሳተመው የኦሮምኛ ሰዋስው ቋንቋውን ለማጥናት ከተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ሲሆን፣ ከወንጌላት መካከልም የተወሰኑትን በአገሬው ሰዎች እየታገዘ ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ጥሯል። በ1840 መጀመሪያ ንጉሡ ያደረጉትን ዘመቻ ተከትሎ በመሄድ ከአንኮበር ውጭ ያለውን አገር ለማየት ዕድል አግኝቷል።

በሌላ በኩል ክራፕፍ ከፖለቲካ የራቀ ሰው አልነበረም። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ የሚመራ የብሪታኒያ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፣ ክራፕፍ በቋንቋ ችሎታውና በቤተ መንግሥቱ ባለው ቅርበት መልእክተኞቹን አግዟል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በብሪታኒያ መካከል ለተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውልም የእርሱ አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነበር። ይህ ድርሻው በኋላ በአገሬው ዘንድ በጥርጣሬ እንዲታይ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

በማርች ወር 1842 ክራፕፍ ከአንኮበር ወጥቶ ወደ ጎንደር ለመሄድ ተነሳ። የጉዞው ዓላማ ከአንድ በላይ ነበር። ከግብፅ ተሹመው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማግኘት፣ ከሸዋ እስከ ጎንደር ያለውንና በአውሮፓ በቅጡ የማይታወቀውን መንገድ መመርመር፣ ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ እጮኛውን ሮዚነ ዲትሪክን ማግባት በዕቅዱ ውስጥ ተካተው ነበር። የንጉሡን ፈቃድ አግኝቶ፣ በቅሎዎችና ስንቅ አሰናድቶ፣ ጥቂት አገልጋዮችን አስከትሎ መንገዱን ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዞ በሰላም ነበር። በሰላ ድንጋይ የንጉሡን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅን ጎብኝቶ፣ የመንዝን ደጋ አቋርጦ ወደ ወሎ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ከሸዋው ንጉሥ ሥልጣን ውጭ ነው። በዘመኑ ወሎ በአንድ ገዥ የሚተዳደር ሳይሆን፣ ለገጎራ፣ ለገአምቦ፣ ለገሒዳ፣ ቦረና፣ ወረሒመኖና ሌሎችም እየተባለ በየባላባቱ የተከፋፈለ ነበር። የዛሬዋ መካነ ሰላም የምትገኝበት ቦረና ክራፕፍ ካለፈበት መስመር በስተምዕራብ ወደ ዓባይ ጥግ የሚገኝ ሲሆን፣ የመሬቱ አቀማመጥ ግን ተመሳሳይ ነው። ቁር የሚበረታበት ሰፊ ሜዳ፣ በድንገት የሚከፈት ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሞቃት ቆላ፣ ከማዶው ደግሞ ሌላ ዳገት ይከተላል።

እንዲህ ባለው አገር መንገደኛውን ከመሬቱ አስቸጋሪነት ይልቅ የሚያሳስበው የየወሰኑ ባለቤት ፈቃድ ነበር። ከአንዱ ባላባት ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የሚያደርሰው፣ የሚዋስለውና እንግድነቱን የሚያስከብርለት ሰው ያስፈልገዋል። የአንዱ ገዥ ከለላ በሚቀጥለው ወንዝ ያከትማል። ክራፕፍም ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ የለገጎራው ባላባት አዳራ ቢሌ መቀመጫ ወደሆነችው ጋቲራ ደረሰ። ባላባቱ በመልካም ሁኔታ ተቀብለው አስተናገዱት፤ መንገዱንም እንዲቀጥል ፈቀዱለት።

ነገር ግን ጊዜው መልካም አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በፌብሯሪ ወር፣ የየጁው ራስ አሊና የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ላይ ከባድ ውጊያ አድርገው ነበር። በውጊያው ማግሥት በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ ያሉ ባላባቶች ከማን ጋር እንደሚቆሙ ገና አልለየም። መንገዶች ተዘግተዋል፤ ከሠራዊት የተበተኑ ሰዎችም በየአቅጣጫው ይዘዋወራሉ። ክራፕፍ ወደ በሽሎ ወንዝ ሲቃረብ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው ተረዳ። ጎንደር የመግባት ሐሳቡን ትቶ፣ ቀደም ሲል በእንግድነት ወደተቀበሉት አዳራ ቢሌ ዘንድ ለመመለስ ወሰነ።

ይህ ውሳኔ ያሰበውን ውጤት አላመጣለትም። በጋቲራ ሁለተኛው አቀባበል ከመጀመሪያው የተለየ ሆነ። ለቀናት ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ተይዞ ከቆየ በኋላ የያዘውን ንብረት ተገፈፈ። ከዚያም በጠባቂዎች ታጅቦ ወደ ተሁለደሬ አቅጣጫ ተላከና ተለቀቀ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የንጉሥ ወዳጅና የመልእክተኞች አማካሪ የነበረው ሰው ስንቅም ገንዘብም የሌለው መንገደኛ ሆነ።

ክራፕፍ ወደ ሸዋ መመለሱን ትቶ ወደ ሰሜን ቀጠለ። ከአንኮበር እስከ ምጽዋ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዳገትና በቁልቁለት፣ በመጠምዘዣና በመሻገሪያ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበትን ሐይቅ አልፎ፣ የሰሜን ወሎንና የትግራይን ተራሮች ተከትሎ፣ ከብዙ ቀናት በኋላ በምጽዋ በኩል ወደ ባሕር ወረደ። የሚበላውን ያገኘው በየመንደሩ እየለመነ መሆኑን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሳይሸሽግ አስፍሯል።

የጉዞው ታሪክ ሲመረመር ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው። ክራፕፍ በቅሎና ገንዘብ፣ ስጦታና የንጉሥ ፈቃድ ይዞ ሲጓዝ የመንገዱ በር ተዘጋበት። ባዶ እጁን ሲሆን ግን እንግዳን ያለ ምግብ ማሳደር ነውር በሆነበት ገበሬ ደጅ እያደረ እስከ ባሕር ዳርቻ ዘለቀ። እስላምም ክርስቲያንም በሚኖርበት በዚያ አገር የእግዚአብሔር እንግዳ መባል ከማንኛውም የይለፍ ወረቀት የበለጠ ዋጋ ነበረው። በባላባቶች መካከል ሰላም ባይኖርም በቤተሰብ ደረጃ የነበረው የእንግዳ ተቀባይነት ሥርዓት አልፈረሰም ነበር።

የጉዞው ማስታወሻ ከኢዘንበርግ ማስታወሻ ጋር ተጣምሮ በ1843 ለንደን ላይ ታተመ። መጽሐፉ ጀምስ ማክዊን በተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ የተዘጋጀ ሐተታና ካርታ የተጨመረበት ነው። ማክዊን ከለንደን ሳይወጣ በካርታው ላይ ካሰፈራቸው የወንዝ፣ የተራራና የግዛት ስሞች ብዙዎቹ የተገኙት ክራፕፍ በየዕለቱ ከመዘገባቸው የጉዞ ሰዓቶች፣ የወንዝ መሻገሪያዎችና ከአገሬው ሰዎች ጠይቆ ከጻፋቸው ስሞች ነው። በልጅነቱ ስም አልባ ሆኖ ያገኘው የካርታ ገጽ በራሱ እግር መሞላት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ክራፕፍ ወደ ሸዋ ለመመለስ ያደረገው ጥረት አልተሳካም። በ1842 መገባደጃ በግብፅ ሮዚነን አግብቶ ወደ ታጁራ ቢመጣም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንዳይገባ ከለከሉት። በ1843 ደግሞ ባልና ሚስቱ ከምጽዋ ተነስተው ወደ ደጋው ለመውጣት ሞከሩ። በዚህ ጉዞ ላይ ሮዚነ በበረሃ ውስጥ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗም ወዲያው ሞተች። ክራፕፍ ለልጁ ያወጣላት ስም አማርኛ ሲሆን፣ እርሱም እንባ የሚል ነው። የትግራይም በር ስለተዘጋባቸው ወደ ባሕር ዳርቻው ተመለሱ።

በኢትዮጵያ በኩል መግቢያ ያጣው ክራፕፍ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር ገብቶ ከሱልጣን ሰይድ ሰዒድ የይለፍ ደብዳቤ ካገኘ በኋላ በሞምባሳ መኖር ጀመረ። በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን ሮዚነ በወሊድ ማግሥት በወባ ሞተች፤ አዲስ የተወለደችው ልጃቸውም ከቀናት በኋላ ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሱ በሕመም አልጋ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖም ከዚያ ስፍራ አልለቀቀም። በ1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ባልደረባ መጥቶለት ከባሕሩ ጥቂት ገባ ብላ በምትገኘው ራባይ መኖሪያ መሠረቱ።

ከራባይ እየተነሱ ያደረጓቸው የእግር ጉዞዎች የአፍሪካን የመልክዓ ምድር ዕውቀት የለወጡ ናቸው። ሬብማን ሜይ 11 ቀን 1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ ለበስ ራስ አየ። ክራፕፍ በበኩሉ ዲሴምበር 3 ቀን 1849 ከኪቱይ አካባቢ ሆኖ የኬንያን ተራራ ተመለከተ። ወሬው ለንደን ሲደርስ ዊልያም ዴዝቦሮ ኩሊ የተባሉት የጂኦግራፊ ሊቅ በምድር ወገብ አካባቢ በረዶ ሊኖር አይችልም በማለት ተሟገቱ። ኩሊ አፍሪካን የሚያውቁት በቤተ መጻሕፍት ነበር። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ባሮን ፎን ደር ዴከን ኪሊማንጃሮን ለመውጣት ሞክረው የበረዶውን መኖር ያረጋገጡ ሲሆን፣ የኬንያ ተራራም በ1883 በጆሴፍ ቶምሰን ታይቶ የክራፕፍ ምስክርነት ትክክል መሆኑ ታወቀ። ክራፕፍ ግን ይህን የመጨረሻውን ማረጋገጫ ለማየት አልታደለም።

ክራፕፍ በእርግጥ ብቻውን የተጓዘበትና ከሞት አፋፍ የተረፈበት ጉዞ የ1851ዱ ነው። ኪቮይ ከተባለ የካምባ አለቃ ጋር ወደ ጣና ወንዝ በማምራት ላይ ሳሉ ሽፍቶች ጥቃት አድርሰው ኪቮይ ተገደለ፤ አጃቢዎቹም ተበታተኑ። ይህ የኬንያው ጣና ወንዝ ከእኛው የጣና ሐይቅ ጋር በስም እንጂ በሌላ የሚገናኝ አይደለም። ክራፕፍ በረሃብና በጥም ተይዞ ብቻውን ወደ ወንዙ ወረደ። የውኃ መያዣ ስላልነበረው የመነጽሩን ማኅደርና የጠመንጃውን አፈሙዝ በውኃ ሞልቶ ጉዞውን ቀጠለ። ቀን ከቀን ሰው እንዳያየው እየተደበቀ፣ ሌሊት አቅጣጫውን በግምት እየያዘ፣ ቅጠልና ሥር እየበላ ከሳምንታት እንግልት በኋላ ራባይ ደረሰ። በወሎ የተለማመደው ያለ ስንቅ የመጓዝ ጽናት በዚህኛው ጊዜ እንግዳ ተቀባይ ደጅ በሌለበት ምድረ በዳ ተፈተነ።

ጤናው ስለታወከ በ1853 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አልተቋረጠም። በ1855 ማርቲን ፍላድ ከተባለ ወጣት ጋር እንደገና ወደ አገራችን መጥቶ፣ በዚያው ዓመት ፌብሯሪ ወር ዘውድ ከጫኑት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ። ጉዞው የእጅ ባለሙያ የሆኑ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡበትን መንገድ ለማመቻቸት ነበር። ከዚህ የተነሳ ወደ አገሪቱ ከገቡት አውሮፓውያን መካከል ፍላድን ጨምሮ የተወሰኑት ከዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ካሰሯቸው ሰዎች መሐል ይገኙበታል።

በ1867 ብሪታኒያ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ስትልክ ክራፕፍ በአስተርጓሚነት አብሮ ተጓዘ። በዚያ ጊዜ ዕድሜው ስልሳ ዓመት እየተጠጋ ነበር። ሕመም ስለጸናበት ዘመቻው ሳይፈጸም ወደ አገሩ ተመለሰ። ጦሩ በኤፕሪል ወር 1868 የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስም ኤፕሪል 13 ቀን በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ክራፕፍ ከሃያ ስድስት ዓመታት በፊት በእንግድነት ቀርቦት የነበረው የበሽሎ ሸለቆ አሁን የጦር ሠራዊት መተላለፊያ ሆነ። የመንገደኛ ማስታወሻ ለዕውቀት እንደሚያገለግል ሁሉ ለዘመቻም እንደሚውል የዚህ ሰው ሕይወት ያሳያል።

ክራፕፍ የመጨረሻ ዘመኑን በጀርመን ኮርንታል በተባለች ከተማ በጽሕፈት ሥራ አሳለፈ። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቁት ኢትዮጵያዊው አባ አብርሃም ወደ አማርኛ የተረጎሙትን መጽሐፍ ቅዱስ በማረምና በ1870ዎቹ በድጋሚ በማሳተም ሥራ ተሳትፏል። ኖቬምበር 26 ቀን 1881 በተወለደ በ71 ዓመቱ ሞተ። ለብዙ ዓመታት የደከመበት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት የታተመው ከሞተ በኋላ በ1882 ነው።

የክራፕፍን ሥራ ለመመዘን ሁለቱንም ገጽታ ማየት ተገቢ ይሆናል። ጽሑፎቹ በጊዜው በነበሩ አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደውን የንቀት አነጋገርና ለሌላው ሃይማኖት የሚታይ ጭፍን አስተያየት ይዘዋል። ለብሪታኒያ መልእክተኞች የሰጠው አገልግሎት ሲታሰብም የወሎ ባላባቶች ይህን እንግዳ በጥርጣሬ ማየታቸው ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አያስደፍርም። በአንጻሩ በዘመነ መሳፍንት የነበረውን የሸዋ፣ የወሎና የትግራይ ሕዝብ ኑሮ፣ የገበያና የመንገድ ሁኔታ ለማወቅ ለሚፈልግ ተመራማሪ ማስታወሻዎቹ ዛሬም በቀላሉ የማይታለፉ ምንጮች ናቸው።

ክራፕፍ ካለፈበት ደጋ በስተምዕራብ ያለው ቦረና ዛሬ ሌላ ገጽታ አለው። መካነ ሰላም ከደሴ በመኪና የሚደረስባትና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ሆናለች። ቀድሞ ዴንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ደን የጭላዳ ዝንጀሮና የቀይ ቀበሮ መጠለያ ሲሆን፣ ቦረና ሳይንት ወረሒመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚል ስም ይታወቃል። ያም ሆኖ የገጠሩ ነዋሪ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚሄደው አሁንም በአብዛኛው በእነዚያው የእግር መንገዶች ነው።

መንገድ መሥራትና ካርታ ማንሳት የመንግሥት ሥራ ነው። መንገደኛ ያለ ሥጋት ከአንዱ ወሰን ወደ ሌላው እንዲያልፍ ማድረግም እንዲሁ ከመንግሥት የሚጠበቅ ነው። በ1842 ይህን ኃላፊነት የሚሸከም ማዕከላዊ አካል በኢትዮጵያ አልነበረም። ጉድለቱን በከፊል የሸፈኑት ከተሁለደሬ እስከ ትግራይ ድረስ አንድን የማያውቁትን ሰው አብልተው ያሳደሩ ገበሬዎች ናቸው። የወንዞቹና የተራሮቹ ስም በለንደኑ ካርታ ላይ ሰፍሯል፤ የእነዚያ ሰዎች ስም ግን በየትኛውም ገጽ አልተመዘገበም።